ትንፍሽ

ዌልስ ውስጥ፣ ሮንዳ ከሚሉት ሸለቆ፣
ጉድጓዱ ተዘግቶ፣ ከሰሉም አልቆ፣
ኢድዋል ፕሮሰር ተቀምጧል ተራውን ጠብቆ።
አቧራው ግን አላለቀም፣ ደረቱ ውስጥ ቀርቷል፤
የሠላሳ አንድ ዓመት ጥሪቱ እዚያ ተከማችቷል።

አጠገቡ ኔሪስ፣ የሴት ልጁ ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ፣
የነገ ፈተና ደብተር ተዘርግቶ በጉልበቷ።

«ሰባት ቃል ነው፣ ታድኪ፤» (አያት ሲጠራ ነው እንዲህ፣ በአገራቸው)
«ሰባቱም ከአንድ የላቲን ሥር ነው የበቀሉት፣ ሳያቸው፤
ስፒራሬ፣ መተንፈስ።» ሳቀ፤ ሳቁን ሳል ነጠቀው።
«መተንፈስ? እሱንማ ከዶክተሩ ጠይቂ፤
እኔ በዚህ ትምህርት አይደለሁም አዋቂ።»

እሷ ግን ጣቷን አሳርፋ፣ መስመር በመስመር፣
«ኢንስፓየር» አለች፤ «ወደ ውስጥ መተንፈስ ነበር፤
ዛሬ ሐሳብ ሲያድርብህ ነው፣ ልብህ ሲነሳሳ።
ኤክስፓየር ደግሞ ወደ ውጭ፤ ይህን እንዳልረሳ።»
«የወተት ክዳን ላይ የሚጻፈው?» ሲል፣
«ወተትም፣ ፓስፖርትም፣ እ... ሰውም» ልትል፣
ዝም አለች። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል።
«ቀጥዪ» አላት፤ «እኔን ደግሞ ማን ይጠጣል?»

«አስፓየር፤ ወደ አንድ ነገር መተንፈስ፤ መመኘት።»
እሱ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ተራራውን ሮጦ መውጣት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ራግቢ፣ ቀይ ማልያ፣
ሳንባው የራሱ ሳለ፣ ሳይሆን የኩባንያ።

«ፐርስፓየር፣ በቆዳ በኩል...» «ላብ! እሱን ዝለዪ፤
ያን ቃል ከመሬት በታች ተምሬዋለሁ፣ ሌላ በዪ።»

«ኮንስፓየር» ስትል ግን፣ ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ።
«አብሮ መተንፈስ፤ ማሴር» የሚለውን ራሱ አነበበ።

«የአድማው ዓመት ነበር፣ በኅዳር ውርጭ፤
በማቫንዊ ወጥ ቤት፣ እኛ ዘጠኝ ውስጥ፣ ፖሊስ ውጭ፤
የከሰል ቆፋሪ ቤት፣ ምድጃው ቀዝቅዞ፣
መብራቱ ጠፍቶ፣ መስኮቱ የዘጠኛችንን እስትንፋስ ይዞ።
ነገ የትኛው በር ላይ እንደምንቆም ተማማልን፤
የጫማ ኮቴ ሲያልፍ፣ እኩል ዝም አልን።
አብረን ተነፈስን እንጂ ትንፍሽ ያለ የለም፤
ዛሬ ሦስት ቀርተናል። ዛሬም ያለ የለም።»

ይህን ስጽፍ ቋንቋዬ ከጎኔ ሆኖ ሳቀ፤
ነፍስና ነፋስን፣ መንፈስና መናፈሻን ከአንድ ሥር ያጸደቀ፣
የላቲን ደጅ ሳይረግጥ ያንን ወጥ ቤት ያወቀ፤
«ትንፍሽ እንዳትል!» ሲለን የኖረ ስንት ዘመን፣
እኛም በቃሉ ሳንደነቅ፣ አፋችንን ይዘን።

«ሚስተር ፕሮሰር!» ነርሷ በሩን ከፈተች፤
አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዛ፣ ቱቦ ሰጠች።
«ወደ ውስጥ ይሳቡ... አሁን ይንፉ፣ ይንፉ፣ አያቁሙ፣
ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ...» ዓይኑ ቀላ። እዚህ ድረስ ነበር አቅሙ።
ስክሪኑ ላይ መስመሯ ኮረብታ ልትሆን ጀመረች፣
ገና ወገቡ ላይ ሳትደርስ፣ ደክሟት ጋደም አለች።
ነርሷ ቁጥሩን ጻፈች፤ ድምፅ አውጥታ አላነበበችው።
ኔሪስ ግን ያየችው የመሣሪያውን ስም ነው፤
«ስፒሮሜትር! ታድኪ፣ ስምንተኛው ቃል ይኸው!»

ዓርብ ወረቀቷ መጣ፤ ከሰባት ስድስት ተኩል።
ኮንስፓየር ጎን በእርሳስ የጻፈችው እንዲህ የሚል፦
«ወጥ ቤት ውስጥ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ዘጠኝ ሆኖ አብሮ መተንፈስ።»
ከሥሩ በቀይ ቀለም፣ «ወጥ ቤቱ ከየት መጣ?» የሚል ወቀሳ መሰል።
ኢድዋል ፍሪጁ ላይ ለጠፈው፣ ወተት ሲያወጣ እንዲያየው።
መምህሯ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት፣ ስለ ወጥ ቤቱ፣ ስለ ዘጠኙ ሰው፤

ኔሪስ ትንፍሽ አላለችም።